በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በትንሽ ጀልባ

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከወረደ በኋላ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ባሕሩ ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ በረሃው ግን አያሳልፈውም። ወንዛችን ያልደረሰበትን ዳርቻ እኛ በሌላው መንገድ ሁሉ ደርሰንበታል፤ በከባድ መኪና፣ በባቡር፣ በአውሮፕላን፣ በእግር። ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ስንዴውም፣ ዘይቱም፣ ማዳበሪያውም፣ የጣሪያው ቆርቆሮም በዚያ ገብቶ ነው ደጃችን የደረሰው።

ሆኖም ባሕሩን አይተነዋል ለማለት እቸገራለሁ። ሾፌሩ የሚያየው ሰልፉን ነው። ትራንዚተሩ ሰነዱን ያያል፣ ነጋዴው ኮንቴይነሩን። ወደ ዐረብ አገር ሊሻገር በእግሩ የሚመጣው ልጅ ደግሞ የሚያየው ጨለማውን ነው፤ ጀልባው የሚነሣው በሌሊት ነውና። ስለ ባሕር በር ብዙ ይጻፋል፣ ብዙ ይባላል። ስለ ባሕሩ ግን፣ በውስጡ ስለሚኖረው ፍጥረትና በዳርቻው ስለሚኖረው ሰው፣ በአማርኛ ያነበብሁት ጥቂት ነው። ጅቡቲ ውስጥ ወዳለው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሄድሁት ይህን ለማየት ነበር።

ወቅቱ የኅዳር መጨረሻ ነው። እዚህ ባሕር ላይ ወቅት መምረጥ የግድ ነው። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ከበረሃው በኩል የሚነፍሰው ኻምሲን አሸዋ ተሸክሞ ይመጣል፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ትንሽ ጀልባ ደፍሮ አይወጣም። ከጥቅምት ወዲህ ነፋሱ ፊቱን አዙሮ ከምሥራቅ በኩል ይመጣል፣ አየሩም ይለዝባል። ጠዋት ጠዋት ባሕሩ ይረጋል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ስለሚበረታ መንገድ የሚጀመረው ጎሕ ሲቀድ ነው።

ጀልባዋ ሰባት ሜትር ያህል ርዝመት ያላት የፋይበር ጀልባ ናት፤ ከኋላዋ ሞተር፣ ከፊቷ መልሕቅና ገመድ፣ መሐሏ ላይ ቤንዚን በጀሪካን፣ ተምር፣ ዳቦ፣ በረዶ የታጨቀበት ሣጥን። ውሃው ለሁለት ሰው ሲበዛ ታየኝ፤ ስድስት ሙሉ ጀሪካን። ባለጀልባው የታጁራ አፋር ናቸው። መካ ደርሰው ስለተመለሱ ሁሉም ሀጂ ይሏቸዋል፣ እኔም እንዲሁ አልኋቸው። አማርኛ የተማሩት በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ሆነው ሲሠሩ ነው። ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰርዶ፣ ማንዳ፣ ቡሬ እያሉ መንገዱን እስከ ዛሬ በቃላቸው ይወጡታል። መሪውን የያዙት ተቀምጠው ሳይሆን ቆመው ነው። ከቆሙበት ሆነው የውሃውን ቀለም ያነቡታል፤ ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ጥልቅ ነው፣ ወደ አረንጓዴ ካደላ አሸዋ ነው፣ ቡናማ ጥላ ካለበት ኮራል ነውና ይታጠፋል።

ከጅቡቲ ከተማ የዓሣ አጥማጆች ወደብ ስንወጣ በስተግራችን የዶራሌ ወደብ ክሬኖች ተደርድረው ይታያሉ፤ ከፊታችን መልሕቅ ጥለው ተራ የሚጠብቁ መርከቦች አሉ። ከአንዱ ሥር ስናልፍ ብረቱ ፀሐይን ጋረደን። ከዚያ በኋላ ከተማው ከኋላችን ዝቅ እያለ ሄዶ ሙሻና መስካሊ ብቅ አሉ፤ ኮራል የሠራቸው፣ ተራራ የሚባል ነገር የሌላቸው ዝርግ ደሴቶች። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840 እንግሊዞች ሙሻን ከታጁራ ሱልጣን የገዙት በአሥር ጆንያ ሩዝ ነው ይባላል። ከ22 ዓመት በኋላ ደግሞ ፈረንሳዮች ኦቦክን በ10,000 ማርያ ቴሬዛ ብር ገዙ። የጅቡቲ የቅኝ ግዛት ታሪክ የተጀመረው በእንዲህ ያለ ገበያ ነው።

ሙሻ ዳር ሞተሩ ጠፍቶ ወደ ታች ስመለከት ውሃው ያለ አይመስልም። ከጀልባዋ ሥር አምስትና ስድስት ሜትር ወርዶ ኮራሉ ቅርንጫፍ ቅርንጫፉ ይቆጠራል፤ በመካከሉ ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች ይመላለሳሉ፤ አንድ የባሕር ኤሊ ሳይቸኩል ወደ ጥልቁ ወረደ። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። በአካሉ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ዋቅላሚዎች ብርሃን ካላገኙ ስለማይመግቡት የጠራ ውሃ ይፈልጋል። ጅቡቲ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ ጭቃ ተሸክሞ ወደ ባሕር የሚገባባት ነገር የለም። ያኔ ነው አዋሽ ትዝ ያለኝ። ያ ቡናማ ጎርፍ ከአፋር በረሃ አልፎ እዚህ ቢደርስ ኖሮ ይህን ሁሉ ደለል ያለብሰው ነበር። የወንዛችን ባሕር አለመድረስ ለእኛ እንደ ጉድለት ሲታየን ኖሯል፤ ለዚህ ኮራል ግን የመኖር ምክንያቱ ነው።

ከደሴቶቹ ወደ ምዕራብ ታጥፈን በአርታ ዳርቻ በኩል ሄድን። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ዌል ሻርክ የሚባለው የዓለማችን ትልቁ ዓሣ ወደዚህ ይመጣል። የሚመጡት በአብዛኛው ገና ያልጎለመሱ ወንዶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከአምስት ሜትር አይበልጡም። የሚስባቸው ፕላንክተኑ ነው፤ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን ፍጥረታት በዚህ ወቅት ውሃውን ይሞሉታል። ሀጂ ሞተሩን ከሩቅ አጥፍተው በመቅዘፊያ ተጠጉ። መጀመሪያ ክንፉ ታየ፤ ቀጥሎ በግራጫ ጀርባው ላይ የተረጩት ነጫጭ ነጠብጣቦች፤ ከዚያ አፉን እንደ ሰፌድ ከፍቶ ወደ ጀልባዋ መጣና አንድ ክንድ ሲቀረው ሳይነካን ዞረ። የሚያስፈራ ጥርስ የለውም፤ ውሃውን አጥልሎ ነው የሚበላው።

"አይነካህም፤ አንተም አትንካው" አሉኝ ሀጂ።

ጥቂት ቆይቶ ከከተማ የመጡ ፈጣን ጀልባዎች ደረሱ። አንዱ ዓሣ በታየ ቁጥር ሦስትና አራቱ ሞተራቸውን ሳያጠፉ ይከቡታል፤ ሰዎች ካሜራቸውን ይዘው ይዘላሉ። ጀርባው ላይ የፕሮፔለር ጠባሳ ያለበት ዌል ሻርክ እዚህ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ በአንድ ቀን ከፍለው አንድ ጊዜ ማየት ስለፈለጉ ነው። ሆኖም ይህ እንስሳ በትዕግሥት ለቀረበው ሰው ራሱ እየመጣ ሳለ ማሳደዱ ግፍ ነው።

የባሕረ ሰላጤው መጨረሻ ጉቤት አል ኸራብ ይባላል። ብዙ ሰው የሚያየው ከመኪና መንገዱ ላይ ቆሞ ነው፤ በጀልባ መግባት ሌላ ነገር ነው። ጉቤት ከ200 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ በጥቁር ገደል የታጠረ ሰፊ ገንዳ ሲሆን ከባሕረ ሰላጤው ጋር የሚያገናኘው ጠባብ በር ብቻ ነው። ባሕሩ በየዕለቱ ሲሞላና ሲጎድል ያን ሁሉ ውሃ የሚያስገባውና የሚያስወጣው በዚያው በር ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ባሕሩ ወንዝ ሆኖ ይሮጣል፤ ይሽከረከራል፤ ነፋስ በሌለበትም ማዕበል ያነሣል። በጠዋት ደርሰን ከበሩ ወዲህ ድንጋይ ጥላ ሥር ቆምን። ሀጂ ተምር እየበሉ ውሃውን ብቻ ይመለከታሉ። መቼ እንደምንገባ ጠየቅኋቸው።

"ባሕሩ ሲገባ እንገባለን፣ ሲወጣ እንወጣለን። ከዚህ ጋር ትግል የለም።"

ቆይቶ የውሃው ፊት ለጥ አለ፤ አረፋው ተበተነ። ሀጂ ቢስሚላህ ብለው ሞተሩን አስነሡ፤ ጅረቱ ራሱ ተሸክሞ አሳለፈን። ከበሩ ወዲያ ድምፅ የለም። ዛፍ የለም፤ ቤት የለም፤ የቀዘቀዘ እሳተ ገሞራ ብቻ፣ ጥቁርና ቀይ፣ እስከ ውሃው ድረስ የወረደ። መካከሉ ላይ የሰይጣን ደሴት የሚሉት ኮረብታ ቆሟል፤ ጂኒ ይኖርበታል ይባላል። ዓሣ አጥማጆች ዓሣውን እየፈለጉ ይገባሉ እንጂ አያድሩበትም። ሀጂም እዚያ መልሕቅ እንድንጥል አልፈቀዱም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ይህን ቦታ የሠራው ኃይል ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቀይ ባሕርን የከፈተው፣ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ የከፈተውና ከእኛ አገር እነ ዝዋይንና ላንጋኖን ያኖረው የስምጥ ሸለቆ ስንጥቅ፣ ሦስቱም የሚገናኙት አፋር ውስጥ ነው። በኖቬምበር 1978 ከጉቤት ወደ አሳል ሐይቅ በሚወስደው መሬት ላይ ምድሪቱ ተሰነጠቀች፤ አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራም ፈነዳ። በዚያ ሳምንት ውስጥ የስንጥቁ ሁለት ጎኖች ከአንድ ሜትር በላይ ተራራቁ። በሌላው ጊዜ እንቅስቃሴው በዓመት ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙ አይርቅም፤ ግን አይቆምም። አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ይገኛል፤ በአፍሪካ ከዚያ ዝቅ የሚል ምድር የለም። ጉቤትን ከአሳል የሚለየው አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የባሕሩ ውሃ በድንጋዩ ስንጥቅ ሾልኮ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ፀሐይ ውሃውን ትወስድና ጨው ይቀራል። የአፋር ነጋዴዎች በግመል ጭነው እስከ ሸዋ ያደርሱት የነበረው አንዱ ጨው ይህ ነው።

ጂኦሎጂስቶች እንደሚሉት ስንጥቁ በዚሁ ከቀጠለ፣ በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ባሕሩ ይህን የድንጋይ አጥር አልፎ ወደ አፋር ይገባል። ገደሉ ሥር ተንሳፍፌ ሳስበው ሐሳቤ ሁሉ ተገለበጠ። እኛ ወደ ባሕር የሚወስደንን መንገድ ስንፈልግ ባሕሩ በራሱ ጊዜ ወደ እኛ እየመጣ ነው። የሰው ዕድሜ የማይለካው መንገድ ነው እንጂ።

ከጉቤት ወጥተን በሰሜኑ ዳርቻ ወደ ታጁራ ስንሄድ የጎዳ ተራሮች በስተግራ ከፍ ብለው ደመና ለብሰው ይታያሉ። ከዚያ ላይ ዴይ የሚባል ደን አለ፤ ዛፉ የሐበሻ ጽድ ነው፣ ያው እንጦጦና መናገሻ ላይ የምናውቀው። በዓለም ላይ ሌላ የትም የማትገኝ የቆቅ ዓይነት የምትኖረው በዚህ አካባቢ ነው። ደኑ አብዛኛው ደርቋል፤ ቆቋም ከምድር ለመጥፋት እጅግ ከቀረቡት ወፎች ተርታ ናት። የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ተቀምጦ የደጋ ጽድ ማየት ይገርማል፤ ደርቆ መገኘቱ ግን ያሳዝናል።

ታጁራ ነጭ ከተማ ናት፤ ቤቶቿ ነጭ፣ መስጊዶቿ ነጭ። ጀልባ አስረን ስንወጣ ልጆች ከውሃው ዳር ኳስ ይጫወታሉ። ራታችን የየመን አሠራር ዓሣ ነበር፤ ከጀርባው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ እሳት የነደደበት የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተጋግሮ፣ ከትኩስ ቂጣ ጋር የሚቀርብ። ይህን ዓሣ ላልበላ ሰው ጅቡቲ ሄጃለሁ ማለት አይገባውም።

ባቡር ሳይመጣ የሸዋ በር ይህች ነበረች። በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተነሣው ከዚህ ነው። ሐረር ላይ በስሙ የሚጎበኝ ቤት ያለው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦም ለምኒልክ የሚያደርሰውን 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ይዞ፣ ግመልና ፈቃድ እየጠበቀ፣ ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ታጁራ ተቀምጧል፤ የተነሣው በኦክቶበር 1886 ነው። ይህን ሁሉ ብዙ ሰው ይጽፈዋል። ከዚህ አሸዋ ላይ በጀልባ እየተጫኑ ወደ ዐረብ አገር ስለተሸጡት የመሐል አገር ልጆች ግን የሚጻፈው ጥቂት ነው። ከደጋው ተነድተው፣ በረሃውን በእግራቸው አቋርጠው፣ ባሕሩን መጀመሪያ ያዩት ሊሸጡ ሲሉ ነበር። በታጁራ ዳርቻ ስመላለስ ስማቸው የተጻፈበት አንድ ድንጋይ አላየሁም። ሊኖር ይገባ ነበር።

ከታጁራ ወደ ኦቦክ ዳርቻው ዝቅ ይላል፤ ተራራው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጠጠርና ግራር ብቻ ይቀራል። ኦቦክ ሳንደርስ ሀጂ ጀልባዋን ወደ አሸዋው አዞሩ። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ገባኝ። ግራሩ ሥር ወጣቶች ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ ክፍት ጫማ አድርገዋል፣ አንዱ በባዶ እግሩ ነው። ሀጂ ሦስት ጀሪካን ውሃ አወረዱና አሸዋው ላይ ደረደሩ፤ አላነጋገሯቸውም። አማርኛ ስንነጋገር የሰማ አንድ ልጅ ቀረበ።

"ጋሼ፣ የአገር ሰው ነዎት?"

"አዎ። አንተስ ከየት ነህ?"

"ከወሎ። ከሐይቅ ወረድ ብሎ።"

ባሕሩን መቼ እንዳየው ጠየቅሁት።

"ትናንት ማታ ነው። ውኃ አገኘን ብለን ሮጥን። ቀምሼ ተፋሁት።"

ዋና እንደማይችል ነገረኝ። ወንድሙ ሪያድ ነው፤ ስልክ ገዝቶ የላከለትም እሱ ነው።

"ወንድምህም በዚህ ነው የሄደው?"

"በዚህ ነው። ስለ መንገዱ ግን ምንም ነግሮኝ አያውቅም።"

እንዲመለስ ነገርሁት፤ ኦቦክ ላይ መመለስ የሚፈልጉ የሚረዱበት የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ማዕከል እንዳለም ጠቆምሁት። በትሕትና ሰማኝ። "እሺ ጋሼ" አለ፤ እኔን ለማስደሰት ያለው እሺ መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ከኦቦክ ወደ ሰሜን ስንጓዝ ጎዶሪያ ደረስን። ይህን ዳርቻ ሁሉ ካየሁት በኋላ አንድ ቦታ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ከጠጠር በረሃ መካከል ድንገት አረንጓዴ ደን ከባሕር ይወጣል። ማንግሮቭ ነው። አንዱ ዓይነት ሥሩን ከጭቃው ወደ ላይ አሹሎ ያወጣና በዚያ ይተነፍሳል፤ የጠጣውን ጨው በቅጠሉ ላይ ይተፋዋል፣ ሲነኩት ጨዉ ጣት ላይ ይቀራል። ሌላው በረጃጅም እግሮች ላይ የቆመ ነው፤ ፍሬው ከእናቱ ሳይለይ እዚያው ዛፉ ላይ ይበቅልና ተዘጋጅቶ ወደ ውሃው ይወድቃል። በሥሮቹ መካከል የዓሣ ጫጩቶች ይደበቃሉ፤ ጥቁርና ነጭ የለበሰ ክራብ ፕሎቨር የሚባል ወፍ ሸርጣን ያድናል። ግመሎች ውሃው እስከ ጉልበታቸው ገብተው ቅጠሉን ይበላሉ። ሞተሩን አጥፍተን በመቅዘፊያ በጠባቡ መተላለፊያ ገባን፤ ጥላው ከዚያ ፀሐይ በኋላ ፀጋ ነው።

ከዚህ ወደ ሰሜን ባብ ኤል መንደብ ነው፤ የመን ከማዶ። ንስሮች በክንፋቸው ሳይደክሙ የሚበሩት ከምድር በሚነሣው ትኩስ አየር እየተነሡ ስለሆነ፣ ባሕር ላይ ደግሞ ያ አየር ስለሌለ፣ ከዐረቢያ ወደ አፍሪካ ሲመጡ ጠባቡን ቦታ መርጠው እዚህ ይሻገራሉ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 መጸው በዚህ በኩል ሲያልፉ የተቆጠሩት አዳኝ አሞሮች 250 ሺህ ገደማ ናቸው። ከእነዚህም በጋችንን ከእኛ አገር ሰማይ ላይ የሚያሳልፉት ብዙ ናቸው።

ሰዎችም በዚሁ ይሻገራሉ፤ ሄደውም፣ ተስፋ ቆርጠው ሲመለሱም። በኤፕሪል 8 ቀን 2024 ኢትዮጵያውያንን አሳፍራ የነበረች ጀልባ ጎዶሪያ አጠገብ ተገልብጣ 38 ሰዎች ሞቱ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሌላ ጀልባ በዚያው ዳርቻ ተገለበጠ፤ አሁንም ብዙ ሰው አለቀ። በዚያው ዓመት፣ ኮር አንጋር በተባለው ዳርቻ አካባቢ፣ አሻጋሪዎች 310 ሰዎችን ጭነው ከመጡባቸው ሁለት ጀልባዎች ላይ ሰዎቹን ወደ ባሕሩ እንዲዘሉ አስገድደው ቢያንስ 45 ሰጠሙ። ሀጂ ዓሣ አጥማጆች ሬሳ ሲያገኙ አውጥተው እንደሚቀብሩ ነገሩኝ፤ መቃብሩ አሸዋው ላይ የተደረደረ ድንጋይ ነው፣ ስም የለውም። እንዲህ ያለውን የድንጋይ ክምር ከጀልባ ላይ ሆኜ ብዙ ቦታ አይቻለሁ።

ለሥራ ጅቡቲ የምትደርሱ ሰዎች ጊዜ ካገኛችሁ ከወደቡ ሰልፍ ወጥታችሁ ወደ ሰሜኑ ዳርቻ ተሻገሩ። ከኅዳር እስከ ጥር ሂዱ፤ ባሕሩን የሚያውቅ የታጁራ ወይም የኦቦክ ሰው ያዙ፤ ዌል ሻርኩን አታሳድዱ፤ ኮራሉ ላይ አትቁሙ፤ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ውሃ ጫኑ። ሪያድ፣ ጂዳና ጂዛን ያላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ ደግሞ፣ በዚህ ባሕር ያለፋችሁ፣ አገር ቤት ላሉት ታናናሾቻችሁ ስትደውሉ ስለ ሥራውና ስለ ደመወዙ ብቻ አትንገሯቸው። ስለ ጀልባዋም ንገሯቸው። ስንት ሰው እንደነበራችሁ፣ ስንቱ እንደደረሰ፣ ሌሊቱ ምን ይመስል እንደነበር ሳትደብቁ ንገሯቸው።